በዝምታው ሰዓት የቀናሁባቸው ዘበኛ

ነገሩ የሆነው አምና ከፋሲካ በኋላ በነበሩት ቅዳሜዎች ነው። በጉዳዩ ውስጥ ከነበሩት ሰዎች በቀር እስካሁን ለማንም አልተናገርኩትም። ከአእምሮዬ አልወጣ ያለኝ ክፉ ነገር ስላደረግሁ ብቻ አይደለም፤ ያደረግሁት በቅናት ስለሆነ ነው። ቅናት ሲባል በሚስት ወይም በጓደኛ መኪና ምክንያት የሚመጣ ነገር ይመስለኝ ነበር። በልጄ ምክንያት፣ ያውም በአንድ ሽማግሌ ዘበኛ እቀናለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

ሾፌር ነኝ። ከጅቡቲ ሞጆ ደረቅ ወደብ ድረስ በተሳቢ ዕቃ አመላልሳለሁ። ቤቴ አዳማ ነው፤ ግን አንዴ ከወጣሁ አሥር ቀን፣ ወረፋ ከበዛ ደግሞ አሥራ አምስት ቀን ስለምቆይ ቤቴ ከማለት ማረፊያዬ ማለት ይቀለኛል። ሚስቴ ሰናይት ትባላለች። አንዲት ልጅ አለችን፤ ብሌን እንላታለን። ያኔ ስምንት ዓመቷ ነበር።

ብሌን ኦቲዝም አለባት። ይህን ያወቅነው ዘግይተን ነው። ከዚያ በፊት ያልተባለ ነገር የለም። ዓይን በልቷት ነው ያለ አለ፣ ጠበል ውሰዷት ያለ አለ፣ እናቷ አሞላቃት ነው ያለም አለ። ይህን የመጨረሻውን ያልኩት እኔ ነኝ። ብሌን አትናገርም። ድምፅ ሲበዛባት ጆሮዋን ይዛ ትጮኻለች። ሳታስበው የነካት ሰው ካለ ደግሞ እሳት እንደነካት ሆና ትዘላለች።

እኔ ደግሞ ያደግሁት በሰላምታ በማይቀለድበት ቤት ነው። በእኛ ቤት ከመንገድ የመጣ ሰው ታቅፎ፣ ግራ ቀኝ ጉንጩ ተስሞ፣ «ደህና ነህ? ደህና ነህ? እንዴት ነህ?» ሳይባል ውሃ እንኳ አይቀርብለትም። ሳይስማት ያለፈ ልጅ ካለ እናቴ «ምን በደልኩህ?» ብላ ታኮርፍ ነበር። ስለዚህ ከጅቡቲ በመጣሁ ቁጥር የመጀመሪያ ሥራዬ ብሌንን ይዞ መሳም ነበር። እሷ ትጮኻለች፣ ትነክሰኛለች፣ ታመልጠኛለች። እኔ ደግሞ «አባትሽ'ኮ ነኝ!» እያልኩ ከክፍል ክፍል እከተላታለሁ። ሰናይት «ኧረ በእናትህ ተዋት» ስትለኝ፣ በመሃላችን የገባችው እሷ ትመስለኝ ነበር።

ይባስ ብዬ ሌላ ነገር ፈጠርኩ። ሞጆ ከማራገፌ በፊትም ይሁን በኋላ በሰፈራችን መታጠፊያ በኩል ሳልፍ የተሳቢውን ክላክስ ሦስት ጊዜ ረዘም አድርጌ አሰማ ነበር። አባቷ እንደመጣ ታውቅና ደስ ይላታል ብዬ ነው። ዓመታት ካለፉ በኋላ ሰናይት አንድ ቀን ትዕግሥቷ አልቆ ነገረችኝ። ያንን ክላክስ በሰማች ቁጥር ብሌን አልጋ ሥር ገብታ ለብዙ ሰዓት አትወጣም ነበር። «ትለምደዋለች» አልኳት። ሾፌር እንዲህ ነው፤ ያልሰማህ ሰው ካለ ደግመህ ትነፋለታለህ።

ከእኔ ስታመልጥ የምትሸሸው ወደ ወጥ ቤት ነው። የፍሪጁ ድምፅ ደስ ይላት ይሁን ቅዝቃዜው አላውቅም፣ ጉንጯን በሩ ላይ ለጥፋ ዓይኗን ትጨፍናለች። ለእኔ የነፈገችውን ጉንጭ ለፍሪጅ ትሰጣለች። በፍሪጅ የሚቀና አባት አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ነበርኩ። በሰናይት እቀና ነበር፣ በሰናይት እኅት እቀና ነበር። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንደሚባለው፣ ልጅ እያለኝ የልጅ ናፍቆት ይዞኝ ነበር። ግን ያ ሁሉ ቤት ውስጥ ስለሆነ ማንም አያውቅብኝም።

አምና አዳማ ውስጥ አንድ የድሮ የእህል መጋዘን አድሰው የሥዕል አዳራሽ አደረጉት። ሥዕሉ በፍሬም ተደርጎ የሚሰቀል ዓይነት አይደለም። በፕሮጀክተር ግድግዳውን፣ ጣሪያውንና ወለሉን ሁሉ ያለብሱታል። ሰው ሥዕሉን ቆሞ አያይም፣ ሥዕሉ ውስጥ ገብቶ ይሄዳል። አንዱ ክፍል የዝዋይ ሐይቅ ነው፤ ስትራመዱበት ውሃው ከእግራችሁ ሥር ክብ እየሠራ ይሰፋል። ሌላው የሶደሬን እንፋሎት ያሳያል። በአዘቦቱ ሰዓት ሙዚቃው ደረት ይመታል፣ ወጣቱ ስልኩን ደግኖ ይጨፍራል። ብሌንን እዚያ መውሰድ የማይታሰብ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ግን «የዝምታ ሰዓት» የሚሉት አላቸው። ድምፅና ግርግር ለሚከብዳቸው ልጆች ያዘጋጁት ነው። ሙዚቃውን ያጠፉታል፣ መብራቱን ያለዝቡታል፣ ሥዕሉ ቀስ እያለ ይንቀሳቀሳል፣ የሚያስገቡትም ከአሥራ አምስት ሰው አይበልጥም። ሲበቃው የሚያርፍበት ለፈለገ ልጅ ጥግ ላይ ምንጣፍና ትራስ አንጥፈዋል። ጫማ በር ላይ ይወልቃል። እሱ ቀላል ነው። ከባዱ በሩ ላይ የተለጠፈው የመጨረሻው ሕግ ነው፤ «በዚህ ሰዓት መጨባበጥና መሳሳም አይቻልም። ሰላምታ በእጅ ምልክት ብቻ።»

መጀመሪያ ቀን ብሌንን ይዘናት ስንሄድ ሳነበው ሳቄ መጣ። አዳማ ላይ ሰው ሳይሳሳም! እውነትም እንደገባን ሁለት ሴቶች ሐይቁ መሃል ተገናኙ። ከሆነ ሠርግ ወዲህ ያልተያዩ ናቸው መሰለኝ። እጃቸውን እያወዛወዙ ትንሽ ቆዩ። አልቻሉም። ተያይዘው እየሮጡ ወጡና ደጅ ላይ በደንብ ተሳስመው፣ ጫማቸውን እንደገና አውልቀው ተመለሱ። ሕጉ ለማን እንደወጣ የገባኝ ግን ዘግይቶ ነው።

ብሌን ሐይቁ ላይ ስትደርስ ቆመች። አንድ እግሯን አነሳችና አስቀመጠች። ውሃው ተከፈተላት። እንደገና አነሳች። ከዚያ ፈገግ አለች። ልጄ ፈገግ ስትል በሕይወቴ ሦስት ወይም አራት ጊዜ ብቻ ነው ያየሁት። ሕጉንም ሁሉንም ረሳሁና ተንበርክኬ አቅፌ ጉንጯን ሳምኳት።

ጩኸቷ ያንን ሁሉ ዝምታ ሰነጠቀው። ሰው ሁሉ ወደ እኛ ዞረ። ብሌን ደረቴን ገፍታ ወደ ምንጣፉ ሮጠች።

ምንጣፉ ላይ አንድ ሽማግሌ እግራቸውን ዘርግተው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተቀምጠው ነበር። ሰማያዊ የጥበቃ ልብስ ለብሰዋል። ያ ሁሉ ጩኸት ሲሰማ እንኳ አልዞሩም። ብሌን አጠገባቸው ደርሳ ትንሽ ተንቀጠቀጠች። ከዚያ ቁጭ አለችና ጀርባዋን ጀርባቸው ላይ አስደገፈች። ሽማግሌው አልነኳትም፣ አላነጋገሯትም። ሃያ ደቂቃ ያህል እንደዚያው ቆዩ። መነካት የምትጠላው ልጄ በማታውቀው ሰው ጀርባ ላይ ተረጋግታ የሐይቁን ብርሃን ታያለች።

ሰናይት እንባዋ ወረደ። «አየኸው? አየኸው?» ትለኛለች በሹክሹክታ። ከአንገት በላይ «አዎ፣ ደስ ይላል» አልኳት። ውስጤ ግን አርሯል። ስምንት ዓመት ሙሉ ነዳጅ እያሸተትኩ በየበረሃው የምለፋላት እኔ ነኝ። ከእኔ ሮጣ የተደገፈችው ግን ስሙን የማላውቀው ዘበኛ ላይ ነው። ስንወጣ ሰናይት እጅ ነሥታ ስማቸውን ጠየቀቻቸው። ጋሽ አማን ይባላሉ፣ አርሲ ናቸው። እኔ ጫማዬን ሳስር ቆየሁ።

በማግሥቱ ወደ ጅቡቲ ወጣሁ። ከአዋሽ እስከ ጋላፊ፣ ከጋላፊ እስከ ወደቡ ሳስብ የነበረው እሳቸውን ነው። ሚስቴን የቀማኝ ጎረምሳ ቢሆን ወርጄ እተናነቀው ነበር። ሽማግሌን ምን ትለዋለህ? ጀርባህን አንሳ ትለዋለህ? ረዳቴ ሁለት ጊዜ «ምን ሆነሃል?» አለኝ። ነዳጁ ነው፣ መንገዱ ነው፣ ሙቀቱ ነው አልኩት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ስመለስ ሰናይት ሌላ ወሬ አልነበራትም። በመሃል በነበረው ቅዳሜ ብሌንን ይዛት ሄዳ ነበር። «በቀጥታ ወደ ጋሽ አማን ሄደች'ኮ! ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፏ ተስተካከለ» አለችኝ። እሳቸውም «የኔ ልጅ ናት» ብለው ለሰው ይናገራሉ አለችኝ። ይህቺን የመጨረሻዋን ቃል ደስ ይለዋል ብላ ነው የነገረችኝ።

በዚያ ቅዳሜ አብሬ ሄድኩ። ብሌን ሐይቁን አላየችም፣ እንፋሎቱን አላየችም። ወደ ምንጣፉ ሄደች። ተቀመጠች። ትንሽ ቆይታ የሽማግሌውን እጅ እንደ ዕቃ አንስታ ራሷ ላይ አስቀመጠችው። ጋሽ አማን እጃቸውን እንዳስቀመጠችው ተዉት። የልጄ ፀጉር ላይ። እኔ ያንን ፀጉር የምነካው ስትተኛ ብቻ ነው፣ እሱንም ሰርቄ።

ዓይኔ ደም ለበሰ። ሰናይት ብሌንን ጫማ ስታለብስ እኔ ወደ ቢሮ ገባሁ። ሥራ አስኪያጇ ሊዲያ የምትባል ከአዲስ አበባ የመጣች ወጣት ናት። «ዘበኛችሁ ሥራውን ትቶ ምንጣፍ ላይ ይጋደማል» አልኳት። «ከልጆች ጋር ይጫወታል፤ ልጄን ይነካካታል። ሴት ልጅ ናት።»

ሌላ ቃል አልጨመርኩም። መጨመርም አያስፈልግም ነበር። «ሴት ልጅ ናት» ስል ሊዲያ ፊቷ ሲለዋወጥ አይቻለሁ። ምን እንደገባት አውቄአለሁ። እንዲገባትም ፈልጌአለሁ። እጁን ራሷ ላይ ያስቀመጠችው እሷ ናት ብል ኖሮ ነገሩ በዚያው ያልቅ ነበር። አላልኩም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ እኔ ግን ሲወጣም አልከለከልኩትም።

ሰናይት ምንም አላወቀችም። እኔ ደግሞ የዚያን ዕለት ማታ በሰላም ተኛሁ። ይህን የምጽፈው እያፈርኩ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ጉዞዬም ሁለት ሳምንት ፈጀ። በመሃል የነበረውን ቅዳሜ ብሌን ጉንፋን ይዟት ስለነበር ሰናይት አልወሰደቻትም። ተመልሼ በገባሁበት ቅዳሜ ሦስታችንም ሄድን። የግቢው በር ላይ ሌላ ወረፋ ስለነበር በጎን በር አስገቡን። ምንጣፉ ላይ ማንም አልነበረም።

እውነቱን ልናገር፤ ደስ አለኝ። አሁን ማንን ትደገፋለች? አልኩ በልቤ። ብሌን ምንጣፉ ላይ ቆማ ግድግዳውን አየች። ትራሶቹን አንድ በአንድ አነሳች። ወደ እንፋሎቱ ክፍል ሄዳ ተመለሰች። ወደ ሐይቁ ሄዳ ተመለሰች። ከዚያ ጋሽ አማን ይቀመጡበት የነበረው ቦታ ላይ ተጋድማ ጆሮዋን በሁለት እጇ ያዘች። አዳራሹ ጸጥ እንዳለ ነው፤ የሚረብሽ ድምፅ አልነበረም። ልጄ ግን ጆሮዋን ይዛ ታለቅሳለች። ድምፅ የሌለው ለቅሶ ነው። ስትጮህ ብቻ ነበር የማውቃት፣ እንዲህ ስታለቅስ አይቼ አላውቅም።

ቀረብኩ። እጄን ዘረጋሁ። በእግሯ ገፋችኝ።

ሰናይት ሊዲያን ጠርታ «ጋሽ አማን የት ሄዱ?» አለቻት። ሊዲያ ሳታየኝ «አንድ ወላጅ ቅሬታ አቅርበው በልጆች ሰዓት ወደ ውስጥ እንዳይገቡ ተደርገዋል። በር ላይ ናቸው። ጉዳዩ ገና አልተዘጋም» አለች። ስሜን አልጠራችም። ሰናይት የዝምታውን ሰዓት ረሳች።

«ምን ዓይነት ልብ ያለው ወላጅ ነው?» አለች ጮክ ብላ። ዞራም እኔን አየችኝ። እንደ ባል፣ «አንተም በል እንጂ» በሚል ዓይን ነው ያየችኝ። እኔ ወለሉ ላይ የሚሰፋውን ውሃ አየሁ።

የልጄን ትከሻ አየሁት፤ ይንቀጠቀጣል። የቀማሁት ሽማግሌውን ሳይሆን እሷን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ጫማዬን ሳላደርግ ወጣሁ።

ጋሽ አማን ዋናው በር ላይ በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጠው የሚገባውን ሰው ቦርሳ ይፈትሻሉ። ፀሐዩ አናታቸው ላይ ነው። ትኬት የሚቆርጡ ሰዎች ተሰልፈዋል፤ አስፋልቱ ዳር የባጃጅ ሾፌሮች ተራ ይጠብቃሉ።

«ጋሽ አማን» አልኳቸው ቀስ ብዬ። ዝም። ትከሻቸውን ነካ ሳደርጋቸው ዞሩ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። የከሰስኩዎት እኔ ነኝ።»

እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ። «ምን አልክ? እኔ ጆሮዬ አይሰማም።»

«የከሰስኩዎት እኔ ነኝ!»

«ጮክ በል።»

ከሰልፉ ሁለት ሦስት ሰው ዞሮ አየኝ። መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ግን በካልሲ ወጥቼ መመለሻ የለኝም። «እኔ ነኝ!» ብዬ ጮህኩ። «በውሸት የከሰስኩዎት እኔ ነኝ! ምንም አላደረጉም! ልጄ እርስዎን ስለወደደች ቀንቼ ነው!»

አንዱ ባጃጅ ሙዚቃውን ቀነሰ። ሰልፉ በሙሉ ጸጥ አለ።

«ያ ጉርባ» አሉ ጋሽ አማን በኦሮምኛ፤ አንተ ልጅ ማለታቸው ነው። «የመጀመሪያውንም አፍህን አይቼ ገብቶኛል።»

«ታዲያ ለምን አስጮሁኝ?»

«ስትከሰኝ በሹክሹክታ ነው። ስታነሳልኝ ሰው ይስማ ብዬ ነው።»

እሳቸው አላዘኑልኝም። «አራት ሴት ልጅ አሳድጌ ድሬአለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ወላሂ ተብሎብኝ አያውቅም» አሉ። «ሁለት ሳምንት ለሚስቴ መናገር አቃተኝ። ምን ብዬ ልንገራት?» ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ለመሳም ስሞክር በእጃቸው ከለከሉኝ።

«ይግቡ፣ ልጄ እየጠበቀችዎት ነው» አልኳቸው።

«አልገባም። ያስወጣኝ የአንተ ቃል ነው። ለአለቃዬ ንገርና እሷ ትጥራኝ።»

ተመለስኩ። ሊዲያና ሰናይት ምንጣፉ አጠገብ እንደቆሙ ናቸው። ደጅ የጮህኩትን እዚህ በሹክሹክታ ደገምኩት። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ በሹክሹክታ ይብሳል። ሊዲያ «ልናሰናብታቸው'ኮ ነበር» አለች፣ ዓይኔን እያየች። ሰናይት ጀርባዋን ሰጥታኝ ወደ ብሌን ዞረች። ማታ እቤት ስንደርስ ግን አንድ ነገር ብቻ ተናገረች፤ «ይቺ ልጅ በሕይወቷ መርጣ የቀረበችው አንድ ሰው ነው። እሱን ነው የነጠቅካት።» ከዚያ ወደ ጉዞ እስክወጣ ድረስ ብሌን ክፍል ነው ያደረችው።

አዳራሹ ውስጥ ግን ያኔውኑ ጋሽ አማን ተጠርተው ገቡ። ጫማቸውን አወለቁ። ብሌን ስታለቅስ እያዩ «አይዞሽ» አላሉም፤ አልደባበሷትም። ከእሷ ትንሽ ራቅ ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተቀመጡ። እኔ ቆሜ አያለሁ። ብሌን እንደተጋደመች ብዙ ቆየች። ከዚያ ቀና አለች፣ እጇን ከጆሮዋ አወረደች፣ በቂጧ እየተንፏቀቀች ሄዳ ተደገፈቻቸው። ሰናይት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ሊዘጋ ሲል ጠጋ ብዬ አፌን እንዲያዩ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ። «ምን አድርገውላት ነው?» አልኳቸው።

«ምንም። ሰላም አልላትም።»

የቀለዱ መሰለኝ። አልቀለዱም። ሞጆ ቆዳ ፋብሪካ ውስጥ ትልቁ የማጠቢያ በርሜል አጠገብ ብዙ ዓመት ሠርተዋል፤ ጆሯቸውን የወሰደው እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰው ሰላም ሲላቸው አይሰሙም፣ ሲመልሱም ይሳሳታሉ፣ ሰው ይቀየማቸዋል። ስለዚህ ሰላም ማለት ተዉ። ሰፈራቸው ውስጥ ኩሩ ነው ይሏቸዋል። «ቅዳሜ እዚህ የምቀመጠው ማንም ስለማይናገረኝ ነው። እሷም እንደ እኔ ናት። አንተ ሾፌር ነህ አሉ፤ በየኬላው ሲያስቆሙህ ደስ ይልሃል?»

«አይለኝም።»

«አንተም ቤትህ በር ላይ ኬላ ሠርተህ ታስቆማታለህ። ወረቀት ትጠይቃታለህ። አባት ከሆንክ አሳልፋት።»

ከዚያ ወዲህ በሰፈራችን በኩል ክላክስ አሰምቼ አላውቅም። ቤት ስገባ ጫማዬን አውልቄ፣ ታጥቤ፣ ሳልስማትና ስሟን ሳልጠራ ሳሎን ወለል ላይ እቀመጣለሁ። ቀላል እንዳይመስላችሁ። አሥር ቀን ናፍቄያት መጥቼ «ደህና ነሽ?» ላለማለት ምላሴን እነክሳለሁ። እናቴ ልትጠይቀን መጥታ አይታኝ «ልጅህን ሰላም የማትል፣ ምን ሆንክ?» ብላ ተቆጣችኝ። ላስረዳት ሞክሬ አልተሳካልኝም። ብሌን ግን አሁን ስገባ አትሸሽም። መጀመሪያ ወር ከክፍሏ በር አሻግራ ታየኝ ነበር። ከዚያ ሳሎን ውስጥ እስከ ሶፋው ድረስ ትመጣ ጀመር። ከዚያ አልፋ አትመጣም። አልጠራትም።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ ያለፈው ቅዳሜ ነው። ጋሽ አማን እንደ ልማዳቸው ምንጣፉ ላይ ነበሩ፣ ብሌንም ጀርባቸው ላይ። እኔ ሦስት እርምጃ ያህል ራቅ ብዬ፣ እንደ እሳቸው ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ተቀምጫለሁ። የአስር ሰላት ደረሰና ጋሽ አማን ለመስገድ ቀስ ብለው ተነሱ። ዞሬ ማየት ፈለግሁ። አልዞርኩም። ምንጣፉ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። አንድ ትንሽ ጀርባ መጥቶ ጀርባዬ ላይ አረፈ።

እስትንፋሴን ያዝኩ። ስትተነፍስ ይሰማኛል። ክብደቷን ሁሉ ለቀቀችብኝ። አልተናገርኩም፣ አልነካኋትም፤ እንባዬ አፌ ውስጥ ሲገባ እንኳ ለመጥረግ እጄን አላነሳሁም።

ጋሽ አማን ሰግደው ተመለሱ። ብሌን ወዲያው ተነስታ ወደ እሳቸው ሄደች።

ቀናሁ። አልዋሽም፣ በጣም ቀናሁ። ግን ከቦታዬ አልተነሳሁም፣ ፊቴንም ከግድግዳው አላዞርኩም። ምናልባት ትመለስ ይሆናል ብዬ እስኪዘጋ ድረስ እዚያው ተቀመጥኩ።